የዞብል ማታ ይበርዳል

ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሣር አጫጆች የአስጎብኚውን የጌዲዮንን ሬሳ ከዞብል ገደል ሥር ሲያገኙት፣ ኢንስፔክተር ታንጉት ፈንታው ቆቦ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ተቀምጣ የዕረፍት ፈቃድ ፎርም እየሞላች ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ፈቃድ ነው። ሐይቅ ከተማ ሦስት ቀን አርፋ፣ ጧት ጧት በውኃው ዳር በእግሯ ልትዘዋወር አስባለች። ማረፊያ እንዲመርጥላት አደራ ያለችው ጌዲዮንን ነው። የላከላት መልእክት ገና ስልኳ ላይ ነበር፦

«እትዬ ታንጉት፣ ሦስት ክፍል አገኘሁልዎት። አንዱ ርካሽ ነው፣ ግን መንገድ ዳር ነው፤ የመኪና ጥሩምባ አያስተኛዎትም። አንዱ ሰፊ ነው፣ ግን መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። ሦስተኛው ጠባብ ነው፤ አልጋው ላይ ሆነው ግን ውኃው ይታይዎታል። እኔ ብሆን ጠባቡን ነበር የምመርጠው።»

ማታ እመልስለታለሁ ብላ ፎርሙን ወደ ራሷ ስትስብ ስልኩ ጮኸ።

ከገደሉ ሥር ስትደርስ ፀሐይ ወደ ላስታ ተራሮች አዘቅዝቃ ነበር። ጌዲዮን በጀርባው ተጋድሟል፤ ዓይኑ አልተከደነም። ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከክፉው የጦርነት ዓመት በኋላ እኩዮቹ አገር ጥለው ሲሄዱ፣ እሱ ከአዲስ አበባና ከደሴ ሰው እያመጣ የራያን ሜዳና የዞብልን ተራራ በእግር ያስጎበኝ ጀመር። «ሰው አገራችንን የሚያውቃት በዜና ብቻ ነው፤ እስቲ አንዴ በእግሩ ይርገጣት» ይል ነበር። ታንጉት ይህን ሲል የሚያበራውን ፊቱን አስታውሳ ዞር አለች፤ ከዚያ ሥራዋን ጀመረች።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው ሳጅን በድረዲን አጠገቧ ተንበረከከ። «ከተማው ምን እንደሚል ልንገርሽ? ‹በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ› ነው የሚለው።»

«ከተማው እጁን አላየም» አለች ታንጉት።

የሟቹ ጥፍሮች በጥቁር አፈር ተሞልተዋል። መዳፉ ላይ ሁለት አዲስ ውኃ የቋጠሩ እብጠቶች አሉ። እነሱ የቆሙበት መሬት ግን ቀይ ጠጠር ነው።

«ሲቆፍር ነው የዋለው። አካፋው የታለ?»

ፈለጉ፤ አካፋ የለም። ከሬሳው ሦስት እርምጃ ርቆ ግን ራሱ በአበባ ቅርጽ የተቀረጸ አዲስ ዱላ ወድቋል። እንዲህ አድርጎ ዱላ የሚቀርጽ በዙሪያው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዞብል ግጦሽ ጠባቂው እንድሪስ። ባለፈው ሳምንት ጎብዬ ገበያ ላይ ከጌዲዮን ጋር ሲጨቃጨቅ ያልሰማ የለም።

ከሟቹ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። የሚቀጥለው ጉዞ ዕቅድ ነበር።

«አንደኛ ቀን፦ ማሚቴ ጋ ማደር፤ ቬንቲሌተር ያለው ክፍል ለትልልቆቹ። ሁለተኛ ቀን፦ በጧት ወደ ዞብል መውጣት፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ የእንድሪስ ዱላ። ሰፈር ከዋርካው ሥር፤ የመጸዳጃው ጉድጓድ በስተምሥራቅ ሃያ እርምጃ። ዘኪ ቋጥኙ ይሻላል ይላል፣ ግን ጥላ የለውም። የዞብል ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ እንዳይረሱ ንገር።»

ታንጉት ሁለት ጊዜ አነበበችውና በቦርሳዋ ከተተችው።

ዓርብ ሳይረፍድ ገደሉ አናት ላይ ወጣች። ቦታው ሰው ለማረፍ የሚመኘው ዓይነት ነው፤ የቆቦ ሜዳ ከነማሽላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፣ ዋርካው ሃምሳ ሰው ያስጠልላል። የድንኳኖቹን ቦታ የሚያመለክቱት ችካሎች ግን ከዋርካው ሥር አልነበሩም። ፀሐይ በሚፈጀው ቋጥኝ አጠገብ ቆመዋል። ቋጥኙ ችካል ስለማያስገባ ሥር ሥራቸው በድንጋይ ተደግፏል። ከዋርካው በስተምሥራቅ የተከመረ እሾህ አየች፤ ለከብት የታጠረ መስሏት አለፈችው። በኋላ በዚህ ራሷን ወቅሳለች።

እንድሪስ ከማታ ጀምሮ ታስሯል። ዱላውን ስታሳየው ቶሎ አወቀው።

«ወላሂ የእኔ እጅ ነው። ለእንግዶቹ አሥር ዱላ አዞኝ፣ ይቺን ለናሙና ወሰዳት። የሰጠሁት ማክሰኞ ነው።»

«ገበያ ላይ የተጣላችሁትስ?»

«ሰፈሩ ሣሩን እንዳይረግጥብን ነው። ‹ዋርካው ጥላ ሥር ብቻ ነው፣ እዚያ ሣር የለም› አለኝ፤ ተስማማን፤ ዱላ ያዘዘኝም ከዚያ በኋላ ነው። የተጣላነውን ሁሉ ሰምቶ የታረቅነውን የሰማ ጠፋ!»

«ታዲያ ዋርካው ጋ እሾህ ያጠራችሁት ለምንድን ነው?»

እንድሪስ ግራ ተጋባ። «እሾህ? እዚያ ማን ያጥራል? ከብቱ ከፀሐይ የሚሸሸው እኮ ወደዚያ ነው።»

ታንጉት ብዕሯን አስቀመጠች። «ሌላ የምትለኝ አለ?»

«አለ እንጂ። የጌዲዮን አጎቶች መሣሪያ አላቸው። እኔ እዚህ ነኝ፤ ወንድሞቼ ግን ውጭ ናቸው።»

እውነቱን ነው። ጌዲዮን እንደተቀበረ፣ የእናቱ ወንድም ገብሩ ታንጉትን በለቅሶው ድንኳን በር ላይ ያዛት። ጠመንጃው ከትከሻው አልወረደም።

«ነገ ሠልስት ነው። እስከዚያ ሕግ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ።»

«እንድሪስ መግደሉን በምን አወቁ ጋሽ ገብሩ?»

«የእንድሪስ ዘመዶች ለቅሶ ደርሰው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። አንቺም የራያ ልጅ ነሽ። ደም ያለበት ከሟች ቤት አይቀምስም። ከቀመሰ ዕዳው ለልጅ ልጁ ይተርፋል።»

«ነገሩ እስኪጣራ ቢጠነቀቁ ነው።»

«ጥሩ። እስከ ነገ አጣሪው» ብሎ ትቷት ገባ።

የጌዲዮን እናት ብርኽቲ ከውስጥ ቤት መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። አባቷ ከአላማጣ ወዲያ መጥተው ቆቦ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ሐዘን ሲበረታባት ግን ምላሷ ወደ አባቷ ቋንቋ፣ ወደ ትግርኛ ይመለሳል።

«ተቀመጪ ጓለይ፣ ልጄ» አለቻት። «ወደይ፣ ወንድ ልጄ፣ ምን አድርጎ ነው የገደሉት? ሰው ዕረፍት እንዲያገኝ ብሎ በለፋ?»

ታንጉት እጇን ያዘቻት። ከአልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። ቤቱ ሁሉ አቧራ ለብሶ ቁልፉ ብቻ ያብለጨልጫል።

ብርኽቲ ዓይኗን ተከትላ አየችው። «የታላቁ ልጄ የተመስገን ሳጥን ነው። መክፈቻውን በአንገቱ አንጠልጥሎት ነው የሄደ። በክፉው ዓመት በዞብል በኩል ወደ አፋር ተሻገረ። በየቅዳሜው ቁልፉን ዘይት እቀባዋለሁ፤ ዝጎ እንዳይቆየው። አሁን ሲመጣ ወንድሙን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

«መሻገሩን ማን ነገረዎት?»

«ዘካሪያስ ነዋ። አብረው ነበሩ። እሱ ባይኖር እኔስ መች እቆም ነበር?»

ዘካሪያስ የሁለቱ ወንድማማቾች አብሮ አደግ፣ ለጌዲዮን ደግሞ የሥራ አጋሩ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ዘኪ» ያለው እሱን ነው። ድንኳኑን የተከለው፣ አግዳሚውን የተሸከመው፣ ለለቀስተኛው ውኃ የሚቀዳው እሱ ነው። ታንጉት ጆጉን ይዞ ሲያልፍ ጠራችው። ፊቱ ገርጥቷል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ሐሙስ እስከ ስንት ሰዓት አብራችሁ ነበራችሁ?»

«እስከ ሦስት። ከዚያ የእንግዶቹን ክፍል ላረጋግጥ ወደ ማሚቴ ወረድሁ።»

«ስትለያዩ ምን እየሠራ ነበር?»

«ጨርሰን ነበር። ችካሎቹን ቋጥኙ ጋ ተክለን፣ እሱ ‹ትንሽ ልረፍ› ብሎ ቀረ።»

«ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ወጥተሃል?»

«በየት እግሬ?» አለ። ዓይኑ እንባ ሞላ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ ታንጉትን በኋላ ያስቸገራትም ይኸው ነው።

ማሚቴ ፔንሲዮን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ባለቤቷ ማሚቴ ታንጉት ሳትጠይቃት ጀመረች።

«አዎ፣ ተጣልቼዋለሁ! ‹ሁለቱን ሌሊት በድንኳን ያድራሉ› ሲለኝ፣ ‹ሰው አልጋ እያለ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ መሬት ላይ ይተኛል እንዴ?› አልሁት። መልሼ ደግሞ አዘንሁለትና ስድስቱንም ክፍል አስጠርጌ፣ አዲስ አጎበር ሰቀልሁለት። ይኸው ተሰቅሎ ቀረ።» በመቀነቷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ሐሙስ ዘካሪያስ በስንት ሰዓት መጣ?»

«ስምንት ሰዓት ላይ። ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ሦስት ብርጭቆ ውኃ አከታትሎ ጠጣ፤ ‹ምን ነካህ?› ብለው ‹ፀሐዩ ነው› አለኝ።»

ከዋርካው እስከ ቆቦ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ታንጉት በልቧ ቆጠረች፤ በሦስት የወረደ በአምስት መድረስ ነበረበት።

ከበረንዳው ጫፍ አንዲት ሴት ተነሥታ መጣች። ሄርሞን ትባላለች፤ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለመጓዝ ከጌዲዮን ጋር ለሁለት ወር ያህል በስልክ ስትማከር የቆየች የአዲስ አበባ ሰው ናት። መርዶውን ስትሰማ ሌሎቹን አስቀርታ ብቻዋን ለለቅሶ መጥታለች።

«ስለ እያንዳንዷ ነገር እጨቀጭቀው ነበር» አለች። «ሻወሩ ሙቅ ነው ወይ፣ ዳገቱ ይከብዳል ወይ፣ ጥላ አለ ወይ… በመጨረሻ ሳቀና ‹እንዲያውም ፎቶ ልላክልሽ› አለኝ።»

ፎቶው ላይ ዋርካው አለ። ግንዱን ከበው ችካሎቹ በጥቁሩ አፈር ላይ ቆመዋል፤ በስተምሥራቅ አካፋ መሬት ላይ ተሰክቷል። ከሥሩ የጻፈው ይነበባል፦ «ይኸው ጥላሽ! ኔትወርክም አለው።»

የተላከው ሐሙስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ታንጉት ስልኩን ለረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ምን አየሽ?» አለ በድረዲን ሲወጡ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለችው። «ነገ ጧት ሁለት አካፋ ያዝ።»

ቅዳሜ ጧት እሾሁን አነሡ። ከሥሩ ያለው አፈር በቅርቡ ተቆፍሮ የተደፈነ ነበር። ወገብ ሳይደርስ የበድረዲን አካፋ ቆመ፤ ሳጅኑ ኮፍያውን አወለቀ። ታንጉት ተንበርክካ በእጇ አፈሩን ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ጨብጣ ተነሣች። ወደ ቆቦ ተመለሱ።

ስድስት ሰዓት ላይ የሠልስቱ ለቀስተኛ በብርኽቲ ግቢ ሞልቶ ነበር። ገብሩ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ማሚቴና ሄርሞን ከሴቶቹ ጎን ናቸው። ሁለት ፖሊሶች እንድሪስን ይዘው ሲገቡ ድንኳኑ ተንጫጫ።

ታንጉት መሐል ቆመች። «ጋሽ ገብሩ፣ መሣሪያውን ለሽማግሌዎቹ ይስጡ። ከዚያ ነው የምናገረው።»

ገብሩ እህቱን አየ። ብርኽቲ ራሷን ነቀነቀች። ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተቀመጠ።

«ጌዲዮን አልወደቀም፤ ተገፍቷል» አለች ታንጉት። «ያን ዕለት ሲቆፍር ነበር። ጥፍሩ ውስጥ የነበረው ጥቁር አፈር ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር እዚያ ያለው ከዋርካው ሥር ብቻ ነው። በጁ የያዘው ዱላ ከእንድሪስ ያዘዘው ነው፤ ወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንድ ብሎ ጽፎታል። ሊገድል የመጣ ሰው ለሟቹ ዱላ ቀርጾ አይሰጥም፤ ቀርጾ የሰጠውንም ትቶት አይሄድም።»

እንድሪስ ዓይኑን ጨፈነ።

«አሁን ችካሎቹን አስቡ። ዕቅዱ ሰፈሩን ከዋርካው ሥር ይላል። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ለሄርሞን የላከው ፎቶም ችካሎቹን እዚያው ያሳያል። እኔ ስደርስ ግን ቋጥኙ ጋ ነበሩ። ስለዚህ ከአራት ሰዓት በኋላ የነቀላቸው ሰው አለ። ጥላ ስጡኝ ላለ እንግዳ ጌዲዮን ቋጥኝ አይሰጥም። ችካሎቹን ያዛወረው፣ ዋርካው ሥር እንዳይቆፈር የፈለገ ሰው ነው።» ዞር አለች። «ዘካሪያስ፣ በሦስት ሰዓት ተለየሁት፣ ከዚያ ወዲያ አልወጣሁም አልኸኝ። ችካሎቹን ግን ቋጥኙ ጋ ተክለን ነበር አልህ። በሦስት ሰዓት ቋጥኙ ጋ ምንም አልነበረም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።»

ዘካሪያስ የውኃውን ጆግ እንደያዘ ቆሟል።

«ተሳስቼ ከሆነ ማረሚያው ቀላል ነው» አለች ታንጉት። ከጎኗ ካለው አግዳሚ ብርጭቆ አንሥታ ሰጠችው። «ሦስት ቀን ሙሉ ለስንቱ ውኃ ቀዳህ። ያንተ ከንፈር ግን ዝናብ እንዳጣ መሬት ተሰነጣጥቋል። ከዚህ ቤት ስትቀምስ ያየህ ሰው የለም። ቀድተህ ጠጣ።»

ቀዳ። ብርጭቆውን እስከ አፉ አደረሰው። ሳይቀምሰው መልሶ ሲያወርደው ውኃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ።

«አልችልም» አለ። «የእህቴ ልጆች አሉ። አልችልም።»

ገብሩ እየጮኸ ሊነሣ ሲል ሽማግሌዎቹ ያዙት። ብርኽቲ ግን አልጮኸችም። «ለምን?» አለች ብቻ። «አብራችሁ ነው ያደጋችሁ። ለምን?»

ዘካሪያስ ታንጉትን አየ፤ እንድትናገርለት የለመናት ይመስል ነበር። እሷም ጭብጧን ፈታች። መዳፏ ላይ በጥቁር ማተብ የታሰረ ትንሽ መክፈቻ ነበር።

«ጌዲዮን የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፣ እማማ። አራት ዓመት ሆኖታል። የቀበረው ሰው ጠላት አይደለም፤ ራሱን አስተካክሎ፣ ጃኬቱን አልብሶ፣ በዙሪያው ድንጋይ ደርድሮለታል። ይኼ በአንገቱ ነበር።»

ብርኽቲ መክፈቻውን ተቀበለች። ዓይኗን አላመነችም፤ በጣቷ ዳሰሰችው። ሴቶቹ እሪታ ሲያሰሙ በእጇ ዝም አሰኘቻቸው።

«ይናገር» አለች።

ዘካሪያስ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ስንሸሽ ቆስሎ ነበር። ‹ውኃ› አለኝ። ወደ ምንጩ ወርጄ ጀሪካኑን ሞላሁ። ድምፅ ሰማሁና ፈርቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። እስኪነጋ ስሜን ሲጠራ ይሰማኛል። ውኃው በእጄ ነው፤ መሄድ አቃተኝ። ጠማኝ፣ ጠጣሁ። ሲነጋ ስመለስ አልቆ ነበር። በእጄ ቆፍሬ ቀበርሁት።»

«እኔስ?» አለች ብርኽቲ።

«እርስዎ በር ላይ ቆመው ‹ልጄስ?› አሉኝ። ‹ተሻግሯል› አልሁ። ለአንድ ቀን ብዬ ነበር። በማግሥቱ ሳጥኑን ሲጠርጉ አየሁዎት… ከዚያ በኋላ ከየት ይጀመራል?» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጌዲዮንን ‹ቋጥኙ ይሻላል› ብዬ ለመንሁት። ምክንያት የለኝም፤ እሱ ደግሞ በእንግዳ ጥላ ነገር አይደራደርም። አካፋው ጃኬቱን ሲነካ አወቀ፤ ማተቡን ሲያይ አንገቴን ያዘኝ። ‹አሁኑኑ ወርጄ ለእናቴ እነግራታለሁ› አለ። ‹እንዳትነግራት› ብዬ ያዝሁት። ታገልን። ገፋሁት። አዳልጦት ነው አልልም፤ ገፍቼዋለሁ። አፈሩን መለስሁ፣ እሾህ ከመርሁበት፣ ችካሎቹን አዛወርሁ፣ አካፋውን ጣልሁ። መክፈቻውን መውሰድ ግን አልቻልሁም።»

በድረዲን የእንድሪስን ካቴና ፈታ፤ ያንኑ ካቴና ለዘካሪያስ አደረገለት። እንድሪስ ሊወጣ ሲል ቆመና ተመለሰ። ከአግዳሚው ላይ ብርጭቆ አንሥቶ «አላህ ያጽናናችሁ» አለና ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠጣ። ገብሩ አንገቱን ደፋ።

ታንጉት ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የጌዲዮን መልእክት ያለ መልስ እንደተቀመጠ ነው። «ጠባቡን» ብላ ብትጽፍለት ኖሮ ሁለት ሰከንድ አይወስድባትም ነበር። መልሳ ከተተችው።

ብርኽቲ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ታንጉት ተከተለቻት። አሮጊቷ ከአልጋው ሥር ሳጥኑን ጎትታ መክፈቻውን አስገባች። አራት ዓመት ዘይት የጠገበው ቁልፍ ሳያስቸግር በአንድ ዙር ተከፈተ። ከላይ አንድ ነጭ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ለሠርጉ ብላ ራሷ የፈተለችው ነው። ዘርግታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ለታንጉት ሰጠቻት።

«ስታወጡት በዚህ ጠቅልሉልኝ» አለች። «ወደይ አራት ዓመት በጃኬት ነው የተኛው። የዞብል ማታ ይበርዳል።»

ታንጉት ጋቢውን በሁለት እጇ ተቀበለች።